እናቴ በርካሽ ወደ ደቅ እንድትሻገር

ደቅ ደሴት፣ ኅዳር 1956 ዓ.ም.

ውድ እናቴ ወይዘሮ ዘውድነሽ፣

የአዘና ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኛ እዚህ ጣና መካከል ደህና ነን፤ ሙቀቱ ግን ጋቢ አስጥሎኛል። ሆዴም ገፍቷል። ወንድሜ ስማቸው፣ ይህን ስታነብላት እንደ ዳዊት ደጋሚ አትሩጥ፤ ቀስ በል።

በነጋዴ አፍ የላኩት መልእክት ደርሶኛል። «የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ አንቺ ነይ እንጂ እኔ የት አባቴ ብዬ እመጣለሁ? ያ አገር ገንዘብ ይበላል አሉ» ብለዋል። እውነት ነው፣ ወጉ እንደዚያ ነው። እኔም ልመጣ ተነስቼ ነበር። ቀዛፊው ግን ሆዴን አይቶ «እህቴ፣ ሁለት ነፍስ በደንገል ታንኳ ላይ አልጭንም፤ ስትገላገዪ ያን ጊዜ ነይ» ብሎ መለሰኝ። ባለቤቴ ክንዴም ከእሱ ጋር ወገነ። የምወልደው ጥር ላይ ነው። እርስዎ ካልመጡ በቅጡ በማላውቃት ጎረቤት እጅ ልወልድ ነው።

የገንዘቡን ነገር ለእኔ ይተዉት። የእርስዎ ልጅ አይደለሁ? ሳንቲም ከመቀነቴ ሲወጣ ያመኛል። ከእንጅባራ የሚነሱት ከገበያ ማግስት ይሁን፤ ባዶውን የሚመለስ የጭነት መኪና በግማሽ ዋጋ ይጭናል። ሾፌሩ አጠገብ አይቀመጡ፣ እሱ የሹማምንት ቦታ ነው። ረዳቱን በአገውኛ ሰላም ይበሉት፤ የአገራችን ልጅ ከሆነ እናቱን ያስከፈለ ይመስለዋል። አዲሱን ቀሚስዎን ከሣጥን አያውጡ፤ ባሕር ዳር ዋጋ የሚጠራው ልብስ ታይቶ ነው። አልቤርጎም አይግቡ። የክንዴ አክስት እታለማሁ ቤት ጊዮርጊስ አጠገብ ነው፤ እንግዳ ካላደረባት የምትታመም ሴት ናት።

ስንቅዎ በሶ ይሁን። የገንፎዬንም ገብስ ይዘው ይምጡ፤ እዚህ ገብስ እንደ ብርቅ ነው የሚሸጠው። ታንኳ ደግሞ ብቻዎን አይያዙ። «እማማ፣ አሁኑኑ ላሻግርዎት» የሚል ካለ የችኮላ ዋጋ ነውና «ሰው እየጠበቅሁ ነው» ይበሉት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ሁለት ሦስት መንገደኛ ሲጨመር ዋጋው ይወርዳል። ታንኳው ዘጌ አድሮ በማግስቱ ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ ይሻገራል።

ስማቸው፣ እዚህ ላይ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ ጎረቤት አይስማ።

እናቴ፣ ነገሩ ገንዘብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ውሃ ነው። እህትዎን የክረምት ወንዝ ከወሰዳት ወዲህ ጅረት እንኳ የሚሻገሩት ቀሚሴን ጨብጠው ነበር። አሁን ቀሚሴ የለም፤ ውሃውም ጅረት አይደለም። ስዳር እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ነው የመጣሁት፣ እሱ ግን ይብሳል፤ ጆሮ ብቻውን ሲቀር ሁሉንም ያጋንናል። ዓይንዎን ይክፈቱ፤ ውሃውን ሳይሆን ከፊትዎ የተቀመጠውን ሰው ጀርባ ይዩ። ደሴቱ ሲቀርብ ዳር ላይ አንዲት ሾላ አለች፤ ነጭ ነጠላዬን እሷ ላይ አስርልዎታለሁ። ከዚያ ወዲያ ነጠላዋን ብቻ ይዩ። ከሥሯ እኔ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።

እኔም ፈርቻለሁ፣ እናቴ። ለክንዴ አልነገርኩትም። ቀን ቀን እየሳቅሁ ውሃ እቀዳለሁ፤ ልጁ በሆዴ ሲገላበጥ ግን የምጠራው እርስዎን ነው። ሁለታችንም ፈሪዎች ከሆንን አንድ ላይ ብንፈራ ይሻላል።

ስለ መመለሻው አያስቡ። ከክርስትናው በኋላ እኔም አብሬዎ አዘና እመጣለሁ፤ ወጉም ያን ጊዜ ይሞላል። ሦስት ሆነን የምንከፍለው የሁለት ሰው ብቻ ነው፤ በእርስዎ ጀርባ ታዝሎ የሚሄደውን ቀዛፊም ሾፌርም አያስከፍለውም።

ነጠላዋ ከገና ማግስት ጀምሮ ሾላዋ ላይ ትሆናለች።

ልጅዎ ማናለብሽ