ጭድ ላይ መውደቅ

አበጀ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ገና አለፈ። እንዴት ነህ አልልህም፤ አንተስ አርፈሃል፣ ያላረፍኩት እኔ ነኝ። ላሚቱ ወልዳለች፣ የጓሮውን አጥር አሳድሻለሁ፣ ልጃችን ሙሉቀን አንተን በቁመት አልፎሃል። በቁመት ብቻ ነው ታዲያ።

ገና ጨዋታ ታስተምራቸው የነበሩትን ልጆች ማን እንደተረከባቸው ብታይ! ከከተማ አሰልጣኝ ተላከልን። ቱታ ለባሽ፣ ፊሽካ አንጠልጣይ፣ በዕድሜው ጥንግ መትቶ የማያውቅ። አንተ ገብሱ ተወቅቶ ሲያልቅ ልጆቹን አውድማው ላይ ሰብስበህ፣ ዱላ ሳታስነካ፣ ሳምንት ሙሉ ጭድ ላይ መውደቅ ብቻ ነበር የምታስተምራቸው። መውደቅ ያልቻለ አይግፋ ትል ነበር። መግፋቱም ዱላው ወደ መሬት ዝቅ ብሎ፣ ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ። ጀርባውን የሰጠን ልጅ መንካት ክልክል።

ያ ጉደኛ ጭዱን ሲያይ ምን ቢል ጥሩ ነው? ጊዜ ማባከን ነው አለ! ለውድድር የሚያስፈልገው ጉልበት ነው ብሎ፣ ከፊት ይሁን ከኋላ ዘለው እንዲገቡ አስተማራቸው። ወይፈን እንኳ ሲዋጋ ፊት ለፊት ነው።

አንተማ ግፊያውን መጀመሪያ የሞከርከው እኔ ላይ ነበር። ያማል አያምም ንገሪኝ ብለህ ጭዱ ላይ ጣልከኝ። ተነስቼ መልሼ ብገፋህ እበቱ ላይ ተዘረርክ፤ ጋቢህን እያጠብኩ እስከ ማታ ሳቅሁብህ። አይ አበጄ፣ ናፍቀኸኛል።

የዘንድሮ ገና ዕለት ሙሉቀን የጎረቤታችንን የአትጠገብን ልጅ ደሳለኝን ከጀርባው ገጨው። ልጁ መውደቅ የት ይወቅ? በክንዱ አረፈ፣ ክንዱ ተሰበረ። ቱታው አጨበጨበ፣ ጥንጉ አልፎለታላ። ሽማግሌ የተባሉትም ተሰብስበው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ወደ ጠላቸው ተመለሱ። አይ ሽማግሌ! የልጅ አጥንት ተሰብሮ ተረት ይተርታሉ። የኛው ጀግና ደግሞ እየተንጎራደደ ገብቶ እራቱን ጥርግ አድርጎ በላ። ናቅሁት። ከሆዴ የወጣውን ልጅ ናቅሁት፣ አበጀ። ሰው ሰብሮ እንቅልፍ የሚወስደው ሆኖ እንዳይቀር ፈራሁ።

በማግስቱ ድንጋይ አሸክሜ ለይቅርታ አትጠገብ ደጅ ወሰድኩት። ለገና ጨዋታ ደግሞ ማን ድንጋይ ይሸከማል ብሎ መንደሩ ሳቀብኝ። አትጠገብ ግን አልሳቀችም። ድንጋዩን ከትከሻው አውርዳ ይሄ የሱ ሸክም አይደለም አለችኝ፤ አበጀ ሲያስተምር ቆመሽ ያየሽ አንቺ፣ ያ ሰው ልጆቹን ሲያበላሽ አፍሽ የት ነበር አለችኝ። ሰውዬውን ቤቴ ቁጭ ብዬ ስንቀው ነበር የከረምኩት። ንቀቴ ለማን ጠቀመ?

እናም ቅዳሜ ጭዱን ራሴ አውድማው ላይ በተንኩ። አምስት ልጆች መጡ። በዚህ ወገቤ መሬት ላይ ስንከባለል ጥርሳቸው እስኪረግፍ ሳቁ። ይሳቁ! ቱታውም ከሩቅ ቆሞ ሳቀ፤ እሱማ ሲስቅ ነው የሚያምርበት፣ ሌላ ሙያ የለውም። አንተን የማስታውስህ እንዲህ ነው፤ ጉልበቴ እስካለ ድረስ ገብሱ በተወቃ ቁጥር እወድቅልሃለሁ።

መጨረሻ ላይ ሙሉቀንን ጠራሁት። ዱላህን አውርድና እናትህን ግፋ አልኩት። ጎኔ መጥቶ ቆመ። ትከሻው ትከሻዬን ነካ። ብትሰበሪስ እማዬ ብሎ ሳይገፋኝ ተመለሰ።

ያንተዋ አስረበብ