«እሸት አለ» የሚለው ቆርቆሮ

ለወንድሜ ለጋሼ ጉግሳ፣ ካለህበት አሰብ ይድረስ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ? ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? ጆንያ ስትሸከም የተቀየመህ ቀኝ ትከሻህ ታረቀህ ወይስ አሁንም ይነሣብሃል? ብርቅነሽስ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ የጎደለኝ የእናንተ ዓይን ነው። የአምቦ ብርድ ዘንድሮ ጠንክሯል። ለእኔ ሥራ ግን ብርድ ጥሩ ነው፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀብሮ ይሄዳልና።

ባለፈው ደብዳቤህ፣ እስከ ጥምቀት ሰው ካልለመደሽ ክፍሉን አስረክበሽ ወደ እኛ ነይ ያልከኝን አልረሳሁም። ጥምቀት አለፈ። መልሱን ያዘገየሁት ጠፍቶኝ ሳይሆን፣ ነገሩ ራሱ ስለገረመኝ እስኪገባኝ ብዬ ነው። ከመጀመሪያው ላጫውትህ።

ፍልውሃው ዘንድ በጽዳት ሳለሁ፣ ለመታጠብ የሚመጡትን አሮጊቶች ወገብና እግር ሳሽ እጄ ሥራውን እንደለመደ ታውቃለህ። ከዚያ ወጥቼ መናኸሪያው አጠገብ ይህችን ክፍል ስይዝ፣ አውቶቡስ ያንገላታው ሰው ሁሉ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። አልጋ፣ አግዳሚ ወንበርና በርጩማ አኖርኩ፤ የኑግ ዘይት በጠርሙስ ሞላሁ፤ በሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም። ሰው አንገቱን አስግጎ ያያል፤ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ጫማውን እንደሚያስር ሰው አጎንብሶ ያልፋል። ምን ይሆን የሚያስፈራቸው እያልኩ ስመራመር እውላለሁ።

ከጎኔ ሱቅ ያላት ቀድሪያ፣ ‹‹እትዬ እንግዳወርቅ፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት መናኸሪያ ዳር አልጋ ዘርግታ ስትቀመጥ ሰው ባይጠረጥርሽ ነው የሚገርመው›› አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ አልጋው ከመጋረጃ ጀርባ ለሴቶች ብቻ ሆነ። ወንድ ከሆነ ግን በርጩማው ላይ፣ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ አንገትና ትከሻ ብቻ። ያም ሆኖ የሚገባ ጠፋ።

ለማስታወቂያ የማወጣው ነገር አልነበረኝም። አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጬ ዘረጋሁ። ቀድሪያ የሱቋን በር ከቀባችበት የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ሰጠችኝ። ፊደል የለቀምኩት ከመጠቅለያ ወረቀትና ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ መሆኑን ታውቃለህ፤ ቢሆንም በድፍረት ጻፍኩ። ቆርቆሮው ጠባብ ስለሆነ ‹አንገትና ወገብ ማሸት አለ› ከማለት ‹እሽት አለ› ይበቃል ብዬ በሩ ላይ ሰቀልኩት።

በማግስቱ ጠዋት የጊንጪው አውቶቡስ ሲቆም ሁለት ሴቶች ቀጥ ብለው ገቡ። ደስ ብሎኝ እጄን ዘይት አስነካሁ። አንደኛዋ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አይታ ‹‹የታለ?›› አለች። ‹‹እኔ ነኝ›› አልኳት። ‹‹አንቺማ አንቺ ነሽ፤ እሸቱ የታለ?›› አለችኝ። ከኋላቸው ደግሞ ኦቦ ሌታ የሚባሉ የጌዶ ከብት ነጋዴ ብቅ ብለው ‹‹አሼታ፣ አሼታ›› ይላሉ፤ በኦሮምኛም ስሙ ያው ነው። ወጥቼ ቆርቆሮውን አየሁት። በአንዲት ጭረት ተሳስቼ ‹ሽ›ን ‹ሸ› አድርጌዋለሁ። ወሩ ታኅሣሥ፣ የሽምብራ እሸት የሚበላበት፤ ቀለሙም አረንጓዴ። ማን ይፈረድበታል?

ቀለሙ አልቆ ስለነበር ላርመው አልቻልኩም። የመጣ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ እያፈርኩ፣ ከጊንጪ ከሚመጡት ገበሬዎች ትንሽ ትንሽ እስር ሽምብራ እየገዛሁ ማኖር ጀመርኩ። ይኸኔ ነው የሚያስገርመው ነገር የመጣው። ሰዉ እሸቱን ይዞ አግዳሚው ላይ ቁጭ ይላል፤ ፍሬውን ከቅርፊቱ እየጠረጠረ እየበላ፣ ‹‹ይሄ ጠርሙስ የምንድን ነው?›› ይለኛል። እነግረዋለሁ። አንድ እፍኝ ጠርጥሮ ሲጨርስ፣ ‹‹ከመጣሁ አይቀር እስቲ ይቺን አንገቴን እዪልኝ›› ይላል። ለካ ሰው ‹አመመኝ› ብሎ ከመግባት ‹እሸት ልገዛ ነው› ብሎ መግባት ይቀለዋል። ወጥቶም ለጎረቤቱ የሚናገረው እሱኑ ነው። ቀድሪያ እየሳቀች፣ ‹‹ድሮ የሚጠረጥሩት አንቺን ነበር፤ አሁን ሽምብራውን ይጠርጥሩ›› አለችኝ።

አንድ መምህር መጥተው አንገታቸውን ከታሹ በኋላ፣ ፊደሉን በቀለም ላቃናልሽ ቢሉኝ ቀድሪያ ከሱቋ ሆና፣ ‹‹ይተዉልን መምህር፤ ሥራ ያስገኘው እኮ ስህተቱ ነው›› አለቻቸው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኝ ነበር። እሸት ጊዜው አጭር ነው። ሽምብራው ሲደርቅ ሰዉም አብሮ ይደርቅ ይሆን? የወደደው እጄን ነው ወይስ ሽምብራውን? ያንተ ቀነ ቀጠሮም ያው ጥምቀት ነበረና፣ መልስ ልጽፍ ብዕር አንስቼ አስቀመጥኩት። በተለይ ኦቦ ሌታን ልብ ብዬ አያቸው ነበር። በየገበያው ቀን ይመጣሉ፣ እሸት ይገዛሉ፣ እጃቸውን ማጅራታቸው ላይ ጭነው ሌላው ሲታሽ ያያሉ፤ እስሩን ሳይነኩት በብብታቸው ይዘውት ይወጣሉ። አንድ ቀን እንኳ እዪኝ አላሉኝም።

ባለፈው ቅዳሜ መጡ። ‹‹አሼታ አለ?›› አሉ። ‹‹ኦቦ ሌታ፣ አልቋል፤ ሽምብራው ደርቋል›› አልኳቸው። እስቲ ምን ያደርጉ ይሆን ብዬ አየኋቸው። ደጅ ደጁን አዩ። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደገፉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጡና፣ ‹‹ለነገሩ እኔ ሽምብራ አልወድም›› አሉኝ።

እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ መልሴ ይኸው ነው። ክፍሉን አላስረክብም።

ብርቅነሽን በጉንጯ ሳምልኝ፤ ማታ ዘይት ለብ አድርጋ ትከሻህን ከአንገትህ ወደ ታች ትሽልህ፣ ወደ ላይ አይደለም። ወሰኑን በትምህርቱ እንዲበረታ ንገርልኝ። ትንሿ ደስታነሽ ጥርሷን አብቅላ ጨርሳ ከሆነ የከርሞው እሸት እስኪደርስ ትቆየኝ። ለብርቅነሽ እናት ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ቀድሪያም ሳታይህ ሰላም ብላሃለች። አንተም መንገድ ቀንቶህ ስትመጣ ከመናኸሪያው ወርደህ እሸት የት አለ ብለህ ጠይቅ፤ የማያሳይህ የለም።

እህትህ እንግዳወርቅ
አምቦ፣ ጥር 24 ቀን 1980 ዓ.ም.