የፍልሰታ ሥጋ

ረቡዕ፣ ነሐሴ ፲ ቀን ፲፱፻፴፩

በላት! ከኮቴዋና ከጅራቷ በቀር አልተረፈም። ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሥጋ ቤቴ ቆዳ ተሸክማ የምትመላለስልኝ አህያ እሷው ብቻ ነበረች። ጎረቤቱ ሁሉ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ጅቡን ረገመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የጣሊያኑ የጤና ሹም ለጅብ የሚሆን መርዝ ይሰጣል አሉ። ነገ እሄዳለሁ። አልምረውም።

ሐሙስ

ነጭ ዱቄት በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። አስተርጓሚው «ሌላ እንስሳ እንዳይነካው ጠብቅ» አለ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

ችግሩ ሥጋው ነው። ፍልሰታ ከገባ ቢላዬን አላነሳሁም። ደግነቱ ቆዳ ነጋዴው ሰይድ የሞተች ጥጃ ገፎ ሥጋዋን ሊጥል ነበር። መርዙን ሞልቼባት ከቤቴ ጀርባ፣ የእርድ ትራፊ የምንጥልበት ፈፋ ውስጥ አስቀመጥኳት። ባለቤቴ አስካለ «ሳይነጋ አንሳት እንግዲህ፣ ነግሬሃለሁ» አለችኝ። ራሷ ታንሳት ማለት ቃጣኝና ተውኩት።

ዓርብ

ምነው እጄ በተቆረጠ።

ስነሳ ደወሉ ተደውሏል። ኪዳን አመለጠኝ ብዬ ወደ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። ጥጃዋ ትዝ ያለችኝ ከቅዳሴ ስወጣ፣ ከቀትር በኋላ ነው። ፈፋው ውስጥ ጥንብ አንሳዎቹ ተዘርረዋል። ክንፋቸው በጭቃ። ዘጠኝ ቆጠርኩና መቁጠሩን ተውኩት።

ያልገባኝ ነገር እዚያው ቆሜ ገባኝ። እኔ ካላረድኩ እነሱ ምን ይበላሉ? አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ እኛ ስንጾም አብረው ጾመዋል። ረኀባቸው ላይ ነው ያቀረብኩላቸው።

መላጦ ብዬ የምጠራው ብቻ ይተነፍሳል። አንድ ጥፍሩ የጎደለ፣ ሁልጊዜ ከጓደኞቹ ኋላ የሚደርስ ሽማግሌ ነው። መዘግየቱ ዛሬ በጀው። አስካለ በነጠላዋ ጠቅልላ ዶሮ ቤት አስገባችው። እኔን አላናገረችኝም።

ቅዳሜ

ጅቡ ማታ ጮኸ። ደህና ነው ማለት ነው!

ወፎቹን ውሻ እንዳይበላቸው ከጥጃዋ ጋር ቀበርኳቸው። ሰይድ አካፋ ይዞ መጥቶ አገዘኝ። «ወንድሜ፣ አህያ ይገዛል» አለኝና አፈሩን መለሰ። «አሞራ ግን አይገዛም» የሚለውን ሳይናገረው ሰማሁት።

መላጦ ውኃ በምንቃሩ ነካ አድርጎ ተወው። አንገቱ ይንቀጠቀጣል።

እሑድ

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። አሞራ ገደልኩ ብሎ ንስሐ የሚገባ እኔ የመጀመሪያው እሆናለሁ ብዬ አፍሬ ነበር። አባ ግን አልሳቁም።

«በልደታ ዛፎች ላይ የሚያድሩት ናቸው?»

«አዎ አባ።»

«ለካ ዛፉ ዝም ያለው ለዚህ ነው» አሉ። ቀና ብዬ አየሁ። ዛፎቹ ባዶ ናቸው። እዚህ ዳዊት ስደግም፣ ልጅ ሆኜ፣ ክንፋቸው ሲርገበገብ ቀና ካልን መምህራችን ይቆጡን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀና ብዬም አላየኋቸው። አባ አርባ ስግደት አዘዙኝ። መቶ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ

መላጦ ቆመ! በአንድ እግሩ ነው፣ ግን ቆመ። አስካለ ጠራችኝ። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

ነገ ጾም ይፈታል። ቢላ ሳልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ትል ነበር እናቴ፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም።

ማክሰኞ

በሬ አረድኩ። ሰው ግጥም አለ፣ ሁሉም ሥጋ አምሮታል። ሌላ ጊዜ ቢላው ሳይጠረግ ሰማዩ በአሞራ ይጠቁር ነበር። ዛሬ ዝንብ ብቻ።

የጤና ሹሙ ከአስተርጓሚው ጋር ብቅ አለ። ፈፋውን አይቶ አፍንጫውን ያዘ። እስከ ማታ ካልጸዳ ሥጋ ቤቱን እንደሚዘጋ ነገረኝ። ፈፋውን ማን ያጸዳው እንደነበር ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። መርዙን የለመንኩት እኔ ነኝ።

መላጦን አውጥቼ ትራፊው አጠገብ አስቀመጥኩት። ብዙ አየኝ። ከዚያ ከበሬው ሳንባ ቦጭቆ ዋጠ። አስካለ እልል ልትል ስትል አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ግን አንድ አሞራ የበሬ ሆድ ዕቃ አይጨርስም። የቀረውን ጉድጓድ ቆፍሬ እስኪመሽ ስቀብር ዋልኩ። ሐሙስም አርዳለሁ፣ ሐሙስም እቆፍራለሁ። መላጦ አጥሩ ላይ ሆኖ ያየኛል።