የትከሻ ልክ

እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃውን መውጣት ጀመረ ወይስ አሁንም ከታች ቆመሽ ጎረቤት ትጠሪያለሽ? ግፊትሽስ? መድኃኒቱን «ዛሬ ደህና ነኝ» እያልሽ እንዳትዘዪው። እኔ ደህና ነኝ። እግሬ ስላበጠ የባለቤቴን ጫማ ነው የማደርገው፤ እሱ በነጠላ ጫማ ሥራ ሊሄድ ምንም አልቀረው። ከዚህ ሌላ የሆንኩት ነገር የለም፤ አትስጊ።

ስልክ እያለ ለምን እንደምጽፍልሽ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ አንቺ ታቋርጪኛለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ስለ ዝናቡ እናወራለን። ነገ ጠዋት ሆስፒታል እገባለሁ። ከመግባቴ በፊት ነገሩ እንዴት እንደተወሰነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ ብዬ ነው።

ሆዴን ያየ ሁሉ መንታ ነው ይላል። ልብስ ስፌት ቤታችን ውስጥ የሚተኩሰው ያ ቀልደኛ ደግሞ «ይሄ ልጅ ሱሪውን ለብሶ፣ ቀበቶውን አጥብቆ ነው የሚመጣው፤ ሸሚዙን ተኩሼ ልጠብቀው?» ይለኛል። እኔም እስቅ ነበር። ሳቄ የቀነሰው ሆዴ አላስጠጋ ብሎኝ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በጎን ቆሜ መቁረጥ ስጀምር ነው።

ሐኪሟ በአልትራሳውንድ ለክታ፣ ልጁ ትልቅ ነው አለችኝ። የእርግዝና ስኳር እንዳለብኝ ታውቂያለሽ። እኔ ምግብ ቀንሻለሁ፤ እሱ ግን አልሰማም። ከአራት ኪሎ ተኩል ሳያልፍ አይቀርም አለች። ልኬቱ ሊሳሳት እንደሚችልም አልደበቀችኝም። ባትነግረኝም አውቀዋለሁ። ካፖርት የደረበ ሰው ስትለኪ የምታገኚው ቁጥር ግምት ነው፤ ስለዚህ ለስፌት ትርፍ ትተዪያለሽ። እዚህ ላይ ግን ትርፍ የሚተውለት ጨርቅ የለም።

ሦስት መንገድ አለ አለችን። ምጡ በራሱ እስኪመጣ መጠበቅ፣ ቀደም ብሎ በመድኃኒት ማስጀመር፣ ወይም ኦፕራሲዮን። ብንጠብቅ ልጁ ይጨምራል። በመድኃኒት ቢጀመር ምጡ ሊረዝም፣ መጨረሻውም ያው ኦፕራሲዮን ሊሆን ይችላል። ኦፕራሲዮኑም ቢሆን ቁስል አለው፣ ደም አለው፣ ለሚቀጥለው ልጅም ጣጣ አለው። የምትፈራው ግን አንድ ነገር ነበር። ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ቢያዝ፣ ያኔ ጊዜ የለንም አለች። ባለቤቴ «እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጡ ነበር?» ብሎ ቢጠይቃት «እኔ ብሆን ማለት ቀላል ነው፤ ያረገዘችው እሷ ናት» አለችው። ወደድኳት።

ልንወጣ ስንል ጃኬቴን ለበስኩ። ግራ እጄን እንደለመድኩት በቀኙ አንስቼ እጅጌው ውስጥ ስከተው ቆማ አየችኝ። ይሄ ክንድ ከመቼ ጀምሮ ነው አለች። ዕድሜ ልኬን የማውቀውን ነገርኳት፤ የሁለት ወር ሕፃን ሆኜ አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ልትጠይቀን መጥታ ስታቅፈኝ ጥላኝ ነው አልኳት። መልሳ አስቀመጠችኝ። ክንዴን አዞረችው፣ መዳፌን ገለበጠችው፣ ትከሻዬን ከጀርባ ዳሰሰችው። «የመውደቅ አይመስለኝም» አለች። «ሲወለዱ ትከሻቸው ተይዞ የሚወጡ ልጆች ክንዳቸው እንዲህ ይቀራል። እናትሽ አሉ? እንዴት እንደወለዱሽ ጠይቂልኝ። ለመምረጥ ይረዳናል።»

በዚያው ቀን ከሰዓት ደወልኩልሽ። ልጁ ትልቅ ነው አሉኝ፣ አንቺ እኔን ስትወልጂ እንዴት ነበር፣ ይህንን ብቻ ነው ያልኩሽ። ስለ ክንዴ አላነሳሁም። አንቺም «እንደ ቅቤ ሾልከሽ ነው የወጣሽው! የኛ ቤት ሴት ዳሌዋ ሰፊ ነው። ሐኪም መቅደድ ይወዳል፤ እሺ እንዳትያቸው» አልሽኝ። ከዚያ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል ነው «ትከሻውን ለኩት?» ያልሽኝ። ጭንቅላቱን፣ ሆዱንና ጭኑን ነው የለኩት አልኩሽ። «በይ እሺ» ብለሽ ዘጋሽው።

በማግስቱ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ቤተሰባችን ውስጥ ልጅ ሲወለድ እንዴት እንደምትያዝ ታውቂያለሽ። ስጦታዋን ይቀበሏታል፣ ሻይ ይቀዱላታል፣ ልጅ ግን አያሳቅፏትም። የወንድሜ ሚስት እንኳ፣ ትናንት የመጣችው፣ ሕፃኑን ስታሸሽባት አይቻለሁ። አክስቴም ማንም እንዳይቸገር ብላ ነው መሰለኝ፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ እጇን ብብቷ ሥር ከትታ ነው የምትቀመጠው።

ልብስ እያጠፈች አገኘኋት። ሁለት ወር ሲሞላኝ ነው ወይ የመጣሽው ብዬ ጠየቅኳት። «እናትሽ ያለችው ነው» አለች። ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳት። «ሐኪም ብዙ ይላል» አለች፤ አንሶላውን ቀጥላ አጠፈችው። አልለቀቅኳትም። እኔ የቆየ ነገር ልቆፍር አልመጣሁም፣ ይሄን ልጅ እንዴት እንደምወልደው ጨንቆኝ ነው አልኳት። ያኔ ተቀመጠች። «ለሐኪሟ ትልቅ ልጅ ነበርሽ በያት። በጣም ትልቅ። ፊትሽ ጠቁሮ ነበር በያት» አለችኝ። ተነስታም አንሶላዋን ማጠፍ ቀጠለች። ደጅ ድረስ ሸኝታኝ ግን «እናትሽ ያኔ ልጅ ነበረች። አማቷ ደግሞ የኔ እናት ነበረች፤ ለእሷ ልጅ ላይ የደረሰ ሁሉ የምራቷ ጥፋት ነው። አንቺ እናቴን አልደረስሽባትም፤ ዕድለኛ ነሽ» ብላ ሳቀች።

እንግዲህ በሁለት ቃል መካከል ቀረሁ። አንቺ ካልሽው ወጥቼ አላውቅም፤ ባሌን እንኳ ያገባሁት አንቺ «ይሄ ይሻላል» ስትይ ነው። ባለቤቴ የፈለግሽውን ምረጪ ይለኛል፤ እንዲህ የሚል ሰው ምንም አይጠቅምም።

ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ አንዲት ደንበኛ እየለካሁ ሳለ ደወልሽ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ይቅደዱሽ» አልሽኝ። ምን አልሽ ብልሽ ጮኽሽ፤ «ይቅደዱሽ አልኩ! ምጥ እንዳትጠብቂ! እኔ ነኝ ያልኩሽ» ብለሽ ዘጋሽው። ድምፅሽ ከስልኩ ወጥቶ ደንበኛዬ ጆሮ ደርሷል። ማን ናት አለችኝ። እናቴ ናት አልኳት። ሴትዮዋ ልብሱንም ተወችው፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ ብላ ወጣች።

እኔ ግን ሜትሩን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ቁጭ ብዬ ተነፈስኩ። ተኳሹ ምጥ የመጣብኝ መስሎት ውሃ ይዞ ሮጠ። ምጥ አልነበረም። ስንት ቀን የተሸከምኩት ነገር ነው የወረደልኝ። እንዲያ ለማለት ምን ያህል እንደከበደሽ አልጠይቅሽም። አመሰግናለሁ እማዬ። በዚያው ሳምንት ለሐኪሟ ኦፕራሲዮን መርጫለሁ አልኳት፤ ጥሩ አለች።

ባለቤቴ ሻንጣውን ፈትቶ እየቋጠረ ነው፤ ለምን እንደሚፈታው አላውቅም። ከራት በኋላ ምንም አትቅመሺ ስለተባልኩ ልሂድና ልብላ።

*

ይኸው ቀጠልኩ። ቤት ገብቻለሁ። ስልክ ስለተደወለልሽ ወንድ መሆኑን ሰምተሻል። አራት ኪሎ ከሰባት መቶ ነው። አዋላጇ ስትቀበለው «የዚህስ መታወቂያው የታል?» አለች። ያደነዘዙኝ ከወገቤ በታች ብቻ ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ። ሐኪሟ ትከሻውን በስንዝሯ ለክታ «እንኳን በዚህ በኩል መጣህ» አለችው። እኔ ወንድ ነው ሴት አላልኩም። ክንዱን አንሱልኝ አልኳቸው። ሁለቱንም አነሱልኝ። አሁን እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ እንደተማረከ ወታደር ነው የሚተኛው። እሱን እያየሁ ስስቅ ቁስሌ ያመኛል፤ ቢሆንም እስቃለሁ።

አክስቴ በሁለተኛው ቀን ሆስፒታል መጣች። ከአልጋዬ ግርጌ ቆመች፣ እጇ ብብቷ ሥር ነው። ባለቤቴ ልጁን አንስቶ አሳቀፋት። ጭንቅላቱን በክንዷ፣ ትከሻውን በመዳፏ ደግፋ ስትይዘው አዋላጇ አየቻትና «ሙያ አለዎት እኮ፤ አዋልደው ያውቃሉ እንዴ?» አለቻት።

«አንዴ» አለች አክስቴ።

እማዬ፣ የምጠይቅሽ ነገር የለኝም። እኔ አላነሳም፤ እሷም እንደማታነሳ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። መኪናው ከበር እስከ በር ነው፣ ጉልበትሽን ምክንያት እንዳታደርጊ። ነይና የልጅ ልጅሽን እቀፊ፣ መርቂው። ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልን፤ ልጁ ሮጦ ሲያደክምሽ ለማየት ያብቃን።

ስትመጪ የበሩን ደውል ስትደውዪ ትንሽ ታገሺ። ባለቤቴ ሥራ ይውላል፣ እኔም ቶሎ መነሳት አልችልም። በሩን የምትከፍትልሽ አክስቴ ናት።

ልጅሽ