የአረፋው ጥገና

ይድረስ ሐዋሳ ላለኸው ወንድሜ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? በአረፋ ስትመጣ ይዞህ የነበረው ሳል ለቀቀህ? ትምህርቱስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ሱቃችንም ደህና ነው። እማም ደህና ናት ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እማ ደህና አይደለችም። በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ የእሷ ስለሆነ ነው። ስታወራህም ድምፁን ለቃ ስለሆነ ደንበኛው ሁሉ ይሰማል። እኔ ደግሞ ስናደድ ድምፄ እንደሚጠፋ ታውቃለህ፤ በዚህ ስትስቅብኝ ነው ያደግነው። ወረቀት ላይ ድምፅ አያስፈልግም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ማይክሮዌቩን ታስታውሳለህ፤ ከሞያሌ የመጣውን፣ ጠዋት ጠዋት ለመናኸሪያው ሰው ወተትና ሳምቡሳ የምናሞቅበትን። ከአረፋ በፊት በሩ ቢዘጋም አልሠራ ይል ጀመር። ድሮ በሩን ስዘጋ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ነበረች፤ እሷ እንደጠፋች አስተውዬ ነገርኩህ። ከበሩ መንጠቆ ጀርባ የሆነ ነገር ሳይበላሽ አልቀረም አልኩህ። አንተ ምን አልክ? «ከስምንተኛ ክፍል ያቆመች ዶክተር መጣች፤ በጆሮዋ ነው የምትመረምረው» ብለህ ጎረቤታችንን ይመኙሻልን አሳቅክብኝ። እኔም ወደ ጓዳ ገባሁ። ሁልጊዜ እንደማደርገው።

ከዚያ ካቻቢቴህን አወጣህ፤ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብህም። ማይክሮዌቩ ሠራ። እማ ተነስታ ሁለት እጇን ዘርግታ መረቀችህ። «እጅህ ይባረክ፣ የነካኸው ይለምልም፣ የሠራኸው አይፍረስ» አለች። ሁላችንም አሚን አልን፤ እኔም ብያለሁ። አንተ ልትሄድ ጫማህን እያሰርክ «ከእኔ በቀር ማንም እንዳይከፍተው» አልካት። እማ ዘንድ ደግሞ ለአረፋ የመጣ ልጅ ሠርቶ የተመረቀበት ነገር አይነካም። የነካው ሰው ምርቃቱን እንዳፈረሰ ነው የምትቆጥረው። በተለይ አባታችን ከሞተ ወዲህ። ይህን አሳምረህ ታውቃለህ። አውቀህ ነው ያልካት።

በሄድክ በሦስተኛው ቀን በሩን ስከፍተው ሳህኑ መዞሩን አልተወም። ማራገቢያውም ይነፋል። ሮጬ ከሶኬቱ ነቀልኩት። እማን በሩ ተከፍቶ መሥራት የለበትም አልኳት። «ልጄ አሻሽሎት ነው» አለችኝ። ወተቱ መሞቁን ለማየት ማጥፋት አያስፈልግም ብላ ደስ አላት፤ ለይመኙሻልም እየከፈተች ታሳያት ነበር። ልፍታውና ልየው ብዬ ለመንኳት። «የወንድምሽን ምርቃት ልታፈርሺ ነው?» አለችኝ። ወደ ሳምቡሳዬ ተመለስኩ። የተናደድኩት በአንተ ብቻ አይደለም፤ ያን ቀን ዝም ባልኩት በራሴም ነው።

ሐሙስ ጠዋት የወናጎ መኪና ሊወጣ ሲል አምስት ሰው ወተት አዘዘ። እማ በሩን ከፍታ፣ ሳህኑ እየዞረ፣ የትኛው እንደሞቀ ለማወቅ ቀኝ እጇን አስገብታ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ትነካለች። እኔ ሳምቡሳ እየጠቀለልኩ ነበር። አልጮኸችም። ዞር ስል እጇን በቀሚሷ ጠቅልላ ቆማለች። «ከውስጥ ነው የሚያቃጥለኝ፤ አጥንቴን ነው» አለች። በነጋታው ጣቶቿ አብጠው ውሃ ቋጠሩ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አሁን ቁስሉ እየደረቀ ነው፤ ሁለቱ ጣቶቿ ግን አይታጠፉም።

ይህን አልነገረችህም። ያለችህ «ማይክሮዌቩ አስቸገረን» ብቻ ነው። አንተስ ምን መለስክ? ይመኙሻልና ሁለት ሹፌሮች እየሰሙ «እሷ ነካክታው ይሆናል፤ እኔ ስሄድ ደህና ነበር» አልክ። ዝንብ እንደሚያባርር ሰው፣ ሳታስብ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቷን እጅ ያቃጠለች እኔ ነኝ። ሹፌሩ ሳዳም ሻይ ሳቀርብለት «ማሽኑን የነካሽበት እጅ ከሆነ ይቅርብኝ እህቴ፤ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ» ይለኛል። ይስቃሉ። ለቀልድ ነው፤ ግን በየቀኑ ነው። ይመኙሻል ደግሞ አትቀልድም። «እናት የምትገኘው አንዴ ነው» ትለኛለች፣ ስኳሩን ከእጄ እየተቀበለች። እማ ይህን ሁሉ እየሰማች አንድ ቃል አትናገርም።

ማክሰኞ ዕለት እማ ፋሻዋን ልታስቀይር ስትሄድ ጋሽ ፈድሉን ጠራሁት፤ ከእኛ ፊት ለፊት ሬዲዮና ስልክ የሚጠግነውን። ሰው መጥራት ለእኔ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ከእሱ በር ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ጋሽ ፈድሉ ሶኬቱን ነቅሎ ሽፋኑን እንደከፈተ እጄን ያዘኝ። ተነቅሎም ይገድላል አለኝ፤ ውስጡ ያለችው ጣሳ የምትመስል ዕቃ ኤሌክትሪክ አጠራቅማ ትቆያለች። እሷን ራሱ አራገፋት። አንተ ይህን ተምረህ ይሆናል። ለእኛ ግን አልነገርከንም።

በሩ ሲከፈት ማሽኑን የሚያጠፉት ስዊቾች ሦስት ናቸው። በመንጠቆው ጀርባ ተደርድረዋል፤ አንዷ ተቃጥላ ጠቁራለች። አንተ የእሷን ገመዶች አንድ ላይ ጠምዝዘህ፣ ሌሎቹ እንዳያስቸግሩህ እነሱንም በሽቦ አስረሃቸዋል። ጋሽ ፈድሉ መነጽሩን አውልቆ፣ መልሶ አድርጎ አየው። «ይሄ ሰው አልጠገነም» አለኝ፤ «ዘበኛውን አስሮ፣ በሩን ከፍቶ ነው የሄደው።» ከሞተ ማይክሮዌቭ ያወጣቸውን ሦስት ስዊቾች ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና «በይ ግቢበት፤ የእኔ ጣት ሙዝ ነው፣ አይገባም» አለኝ። የእያንዳንዱን ገመድ ቀለም ወረቀት ላይ ጻፍኩ። አሮጌዎቹን አወጣሁ፣ አዲሶቹን አስገባሁ፣ ገመዶቹን በየቦታቸው መለስኩ። ጋሽ ፈድሉ አንዱን እንኳ አላረመኝም። በሩን ስዘጋው ቀጭ አለ።

ቀና ስል እማ ደጃፉ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየንም። ጋሽ ፈድሉ ሽቦውን ከፍ አድርጎ «ማን ነው እንዲህ ያሰረው?» አላት። ስሜን እስክትጠራ ጠበቅኩ። «ከሞያሌ ሲመጣም እንዲሁ ነበር» አለችው። ሽቦውን ከእጁ ወስዳ ኪሷ ከተተችው። አየኋት። እሷ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ታያለች።

በነጋታው ይመኙሻል በሩ ሲከፈት ማሽኑ መቆሙን አይታ ማን ሠራው ብላ ጠየቀች። እማ ምን እንዳለቻት ልንገርህ? «ልጄ በስልክ እየነገራት ነው የሠራችው።»

ለመንደሩ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለጋሽ ፈድሉ ከሞያሌ የመጣ ነው። ለይመኙሻል የሠራኸው አንተ ነህ። ወተት እያሞቅኩ ሦስቱን በጣቴ እቆጥራቸዋለሁ። ትላንት እስክሪብቶ ይዤ ስታየኝ ደግሞ «ስለ እጄ እንዳትጽፊለት፤ ፈተና ላይ ነው፣ ይረበሻል» አለችኝ። እሺ አልኳት። ታዲያ እሱን ምን ይረብሸዋል፣ ያበላሸሁት እኔ ከሆንኩ? ብዬ ልጠይቃት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። እሺ ብዬ ሳላደርግ ስቀር ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ይቅር በይኝ ብለህ እንዳትጽፍልኝ። አልፈልገውም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እሁድ ስትደውል ድምፁ ተለቆ፣ ሳዳምም ይመኙሻልም ባሉበት፣ «ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ እህቴ አልነካችውም» በል። እማ ልታቋርጥህ ትሞክራለች። ሳል ይመጣባታል፣ ወይም መስመሩ አይሰማም ትላለች። ድገመው። ካላልከው እኔ እላለሁ፤ ድምፄ ቢጠፋ እንኳ በወረቀት ጽፌ ሱቁ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። አትጠራጠር።

አላህ ፈተናህን ያቅልልህ። በሰላም ጨርሰህ ለእማ ደስታ ያብቃህ። ተናድጄም ቢሆን ዱዓዬ ከልቤ ነው። እጅህን ከክፉ ይጠብቅልህ፤ ከእጅህ ሥራም ሰውን ይጠብቅ።

ስትደውል ሁልጊዜ እማን መጀመሪያ የምትጠይቃት «ምሳ በላሽ?» ብለህ ነው። ልጆች ሆነን በግራ እጃችን ስንጎርስ ጣታችንን በማንኪያ ትመታን የነበረችው እማ ናት። በዚህ እሁድ፣ በልቻለሁ ስትልህ፣ «በየትኛው እጅሽ?» ብለህ ጠይቃት።

ታናሽ እህትህ
ከዲላ