የሚሰማው መብራት

ኢየሩሳሌም፣ ኔቬ ያዕቆብ
ጥር 19 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

ይህ ደብዳቤ ከጦርነቱ ወሬ ሁሉ ቀድሞ ይድረስሽ። በሕይወት አለን። አባቴም እኔም። ወንድሜ ዘመነ ሲያነብልሽ ድምፁን ዝቅ ያድርግ፤ ጎረቤት አይስማ።

ከኢራቅ የመርዝ ጋዝ የያዘ ሮኬት ይመጣል ተብሎ አንዱን ክፍል በላስቲክ አሽገናል። የአደጋ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮኽ ሰው የጋዝ ጭንብሉን አጥልቆ ወደዚያ ይሮጣል። እኔ አልሰማም። ቀን ሰው ሲሮጥ አይቼ እሮጣለሁ። ስተኛስ?

ልጅ ሳለሁ ስትጠሪኝ አልሰማ ስልሽ ሽንብራ ትወረውሪብኝ ነበር። ድምፅ በጆሮ ካልገባ በሌላ በር ይገባል። ኤሌክትሮኒክስ መማር ስጀምር የገባኝ ይኸው ብቻ ነው። አሁን ድምፅን በሌላ በር የሚያስገባ ዕቃ መሥራት የሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ ከዚህ ርቃ ባለችው ቤር ሼቫ ከተማ፣ ሊቀበለኝ ፈቅዷል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ካልሰጠሁ ቦታው የሌላ ሰው ነው። አባቴ ግን አይሆንም አሉ። «እዚያ ማን ይሰማልሻል? ጆሮሽ እኔ ነኝ።»

ኢትዮጵያ በሚባለው መንገድ ማዕዘን ላይ ካለው ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ የአሮጌ ቴፕ ማይክሮፎን ገዛሁ። ሽማግሌው ከንፈሩን እንዳነብ ቀስ ብሎ፣ «አንቺ አትሰሚ፤ ለማን ነው?» አለኝ።

«ለመብራት።»

«እህ! መብራቱም ደንቁሯል?» ሳቀና ሽቦ መረቀልኝ።

ሠራሁት። ውጭ ሲጮኽ ራስጌዬ ያለው አምፖል ብልጭ ይላል። አውቶቡስ ሲያልፍም፣ በር ሲዘጋም። በየብልጭታው እደነግጣለሁ። ቢሆንም ይሠራል።

ዓርብ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አባቴ ሶኬቱን ነቀሉት። «በሰንበት እሳት አይነድም።»

«አባ፣ እኔ አልነካውም። ራሱ ነው የሚበራው።»

«ራሱ ከበራማ ባሰ! ተኚ። እኔ አለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰው ትከሻዬን ናጠኝ። ዓይኔን ስገልጥ ፊት የለም፤ ጭንብል ነው። ጎረቤታችን ሸዋነሽ ነበረች። በሩን ደብድባ ደብድባ የሚከፍት ስታጣ በትርፍ ቁልፉ ገብታለች። አባቴ ተኝተው አልነበረም። ነቅተው፣ ወደ መስኮቱ ዞረው ቆመዋል።

በታሸገው ክፍል ሦስታችንም ጭንብል አጥልቀን ተቀመጥን። የማነበው ከንፈር የለም። የአባቴን እጅ ብቻ አየሁ። የጭንብላቸውን ማሰሪያ ደጋግሞ ያጠብቅ ነበር። ሮኬቱ እኛ ዘንድ አልወደቀም።

ሲያልፍ ሸዋነሽ ጭንብሏን አወለቀች። «ምነው አባ ገበያው! ሳይረኑ እንዲያ ሲጮኽ፣ እኔ በሩን ልሰብር ስደርስ!»

«ጸሎት ላይ ነበርኩ» አሉ።

ጸሎት ላይ ነበሩ እንበል።

ሳምንቱን ሙሉ የተነቀለውን አምፖል ሲያዩት ሰነበቱ። ከትናንት በስቲያ፣ ዓርብ፣ የእኛ የቤተ እስራኤል ቄስ ዘንድ ሄደው ተመለሱ። ምን እንደተባሉ አልነገሩኝም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሶኬቱን በገዛ እጃቸው ሰኩት። ቀጥለው አምፖሉን ከእኔ ራስጌ አንስተው ወደ ራሳቸው አልጋ አዞሩት።

«ቤር ሼቫ የምትሄጂው መቼ ነው?»

«ከፋሲካ በኋላ።»

«ይኼን ግን ትተሽልኝ ትሄጃለሽ። ለራስሽ ሌላ ሥሪ።»

ዛሬ ለትምህርት ቤቱ እሺ ብዬ ጻፍኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እጄ ከወረቀቱ አልላቀቅ አለኝ።

እናቴ፣ አምላከ እስራኤል ከአዲስ አበባ ወደዚህ የሚያመጣሽን መንገድ ይክፈት፤ በዓይናችን ያሳየን። አውሮፕላን ጣቢያ ሁለታችንም እንቀበልሻለን። እኔን እንደምታናግሪኝ፣ አባቴንም ፊት ለፊት ቆመሽ፣ ቀስ ብለሽ አናግሪያቸው። ለምን እንደሆነ ግን አትጠይቂያቸው።

ልጅሽ እታገኝ