በካፖርትዎ መቅናቴን ስለማሳወቅ

ይድረስ ለክቡር አቶ ፍቅርተማርያም፣ የወይራ ገደል ጤና ጣቢያ ኃላፊ፦

የደጋው ብርድ ሳይደፍርዎ፣ ጉልበትዎ ሳይዝል፣ ወንበርዎም ሳይነቃነቅ እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ ከስምንተኛ ክፍል በገዛ ፈቃዴ የተሰናበትሁት ይታየው፣ ቅናት ከሚሉት በሽታ በቀር ደኅና ነኝ። የቀናሁትም በካፖርትዎ ነው።

፩ኛ. እኅቴ ወለላ አምስት ዓመቷ ነው። እግሮቿ እንደ ደረቀ ቆዳ ስለሚገታተሩባት በእጇና በጉልበቷ ትድሃለች። በዓመት ሁለቴ ከጎንደር የምትመጣው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሄለን በመስከረም እግሯን አፍታታ፣ ቁመቷን ለክታ ሄደች፤ በኅዳርም ለልኳ የተሠራ ባለ አራት እግር መራመጃ በጤና ጣቢያው ማኪና ላከችላት። በየቀኑ ካልቆመችበት ጅማቷ አጥሮ ለፋሲካ ጉልበቷ እንደሚቆለፍም አስጠንቅቃ ነበር። መራመጃው ደረሰ፤ ቢሮዎ ጥግ ቆመ፤ ካፖርትዎም ተሰቀለበት።

፪ኛ. እናታችን ይርገዱ ወለላን አዝላ ሦስት ጊዜ ደጅዎን ጠናች። ንብረት ክፍሉ “ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት ንብረት አይወጣም፣ ኃላፊው ይፈርሙ” አላት። እርስዎም “ምነው ተቻኮልሽ፣ ልጅቱ እንደሁ የትም አትሄድ” ብለው አጽናኗት። ለዚህ ጥልቅ ምርመራ ቤተሰባችን ከልብ ያመሰግናል፤ እውነትም የትም አልሄደችም።

፫ኛ. ካፖርትዎ ሞዴል ሃያ ሁለት የሞላበትን ቀን ግን አላየሁም። ልኩን የለካለት ባለሙያም የለም። ጅማት የለው፣ ጉልበት የለው፤ እሱ ግን እስከዚህ እስከ መጋቢት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወለላ ከእናታችን ጀርባ ሆና በበሩ ብታየው ምን አለች መሰልዎ? “ይታየው፣ እሱም መሄድ አይችልም?” ብላ አዘነችለት። እኔ እንደሷ ሸጋ ልብ የለኝምና በቅናት አረርሁ። አያ ፍቅርተማርያም፣ ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ፣ በጨርቅ መቅናት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ቀምሰው አያውቁም።

አምላክ ክቡርነትዎን ዘወትር ያለ ምርኩዝ እንዲያቆምዎ እየለመንሁ፣ እንደ እኅቴ በጉልበቴ ሆኜ እጅ የምነሣ፣

ቅናተኛው ታዛዥዎ
ይታየው ምንይችል

ግልባጭ፦ ለካፖርትዎ

ማስታወሻ፦ ትናንት ለስብሰባ ጎንደር በወረዱበት ሰዓት መራመጃውን ለባለቤቷ ለወለላ አድርሻለሁ፤ እሷም ከምድጃው እስከ ደጃፉ አሥራ አንድ እርምጃ ሄዳ፣ የጎረቤት ዶሮ አባርራ፣ ተሰድባ ተመልሳለች። ካፖርትዎ መሬት እንዳይወድቅ ብዬ ወንበርዎ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ እስከ ምሳ ሰዓት አራት ባለጉዳዮች ገብተው እጅ ነሥተውት፣ ማመልከቻቸውን ፊቱ አኑረው ወጡ። አንዳቸውንም “ነገ ተመለስ” ስላላላቸው፣ ሕዝቡ ባዲሱ ኃላፊ እጅግ ረክቶ ስብሰባው እንዲራዘምልን እየጸለየ ነው።